ሕግ አዋቂዎች ሲወያዩ ሰብሳቢዋ ምን ትሥራ?

አንድ ዳኛ፣ አንድ ዐቃቤ ሕግ፣ ሁለት ጠበቆችና አንድ ነገረ ፈጅ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ ቡናው ሳይፈላ ክርክሩ ይፈላል። ሙያቸው ነውና አይፈረድባቸውም። ዳኛው ቀኑን ሙሉ ሲያዝ የዋለ ሰው ነው፤ ጠበቃው ቀኑን ሙሉ ሲቃወም ውሏል፤ ዐቃቤ ሕጉም ክስ ሲያጠናክር ነው ያመሸው። እነዚህን ሰዎች አንድ ላይ አስቀምጦ ማሟገት ሳይሆን ማወያየት የሚችል ሰብሳቢ የሚገኘው በብዙ ፍለጋ ነው።

«ታዲያ ይህ ለእኔ ምኔ ነው? እኔ ሕግ አልተማርኩ፤ ከሥራና ከልጆች የምተርፈው መቼ ነው?» ይሉ ይሆናል፣ ውድ አንባቢያችን። ነገሩ ግን ከጓዳዎ የራቀ አይደለም። ሕግ በመጽሐፍ ሲታይ አንድ ነው፤ በሰው እጅ ሲገባ ግን ይለያያል። የጋብቻዎ፣ የወሊድ ፈቃድዎ፣ የልጅዎ ቀለብ፣ ከባልዎ ጋር ያፈሩት ንብረት የሚወሰነው እነዚህ ባለሙያዎች አንቀጹን በሚረዱበት መንገድ ነው። እርስ በርሳቸው በቅጡ ሲወያዩ አረዳዳቸው ይቀራረባል። ሳይወያዩ ሲቀሩ ግን አንዷ እናት በአንዱ ችሎት ያገኘችውን ሌላይቱ በጎረቤት ወረዳ ሳታገኝ ትቀራለች። ከዚህም ሌላ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየፍርድ ቤቱና በየጠበቃ ጽሕፈት ቤቱ የሚሠሩ እህቶቻችን ቁጥር እየበዛ ስለመጣ፣ «እስቲ ዛሬ አንቺ ሰብስቢን» መባል ዱብ የሚልበት ቀን ለብዙዎች ቅርብ ነው።

የማወያየት ጥበብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በጥንቱ ሙግት፣ በ«ተጠየቅ» እና በ«በላ ልበልሃ» ዘመን፣ ከሳሽና ተከሳሽ በቃል ስልት፣ በማር፣ በፈረስና በበቅሎ ውርርድ ሲፋለሙ ዳኛው ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ይመስል ነበር። ሥራው ግን ከባድ ነበር፤ ማን መቼ እንደሚናገር፣ ማን ከነገሩ እንደወጣ፣ የትኛው ቃል ስድብ የትኛው ክርክር እንደሆነ የሚለየው እርሱ ነው። መንገደኛ እንኳ «በሕግ አምላክ» ተብሎ ከተያዘ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ጠቡን ማብረድና ነገሩን መስማት ግዴታው ነበር። በትላልቆቹ ችሎቶች ደግሞ አንድ ብልሃት ነበር። አስተያየት ሲሰጥ የሚጀምረው በማዕረግ ዝቅ ያለው ሰው ሲሆን፣ ትልቁ የሚናገረው በመጨረሻ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ትልቁ ቀድሞ ከተናገረ ትንሹ «እንደ ጌታዬ ቃል» ከማለት በቀር ምን ይጨምራል? ይህ ሥርዓት በዛሬው ስብሰባ ቢመለስ የሚጠቅም ይመስለናል። ዛሬማ ትልቁ ባለሥልጣን ንግግር ከፍቶ፣ አንድ ሰዓት ተናግሮ፣ «ሐሳባችሁን በነፃነት ስጡ» ብሎ ይወጣል።

የውይይትን ዋጋ ለማየት የቤተሰብ ሕጋችንን ታሪክ መመልከት ይበቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አስተዳዳሪ አድርጎ፣ ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት፣ ለወንድ 18 ዓመት ብሎ ደንግጎ ነበር። የፍቺ ጉዳይም የሚታየው በቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ዘንድ ነበር። ሽምግልና መልካም ነው፤ ነገር ግን አንዲት ሴት መለያየትን ስትጠይቅ ሽማግሌዎቹ ዛሬ ነገ እያሉ ብዙ ጊዜ የሚፈጁበት ሁኔታ ነበር፤ ንብረቱ እስከዚያው በባል እጅ ይቆያል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በጋብቻ ውስጥ፣ በጋብቻ ዘመንና በፍቺ ጊዜ ባልና ሚስት እኩል መብት እንዳላቸው ከደነገገ በኋላ የሕግ ባለሙያ ሴቶች፣ በተለይም የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አባላት፣ አሮጌውን ሕግ አንቀጽ በአንቀጽ እያነሡ ከዳኞች፣ ከሃይማኖት ሰዎችና ከሴቶች ጋር ተወያዩበት። በ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 213 ወጣ። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ፤ ባል አዛዥ መሆኑ ቀረ፤ ፍቺን የመወሰን ሥልጣንም ወደ ፍርድ ቤት ተመለሰ። የአማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 አወጣ። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ የሆኑት ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ 2015 ዓ.ም. አገልግለዋል።

ጠለፋም እንዲሁ ነው። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በጋብቻ ካሰረ ከክስ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ያን ቀዳዳ ደፈነው። ይህም ከብዙ ክርክርና ከብዙ እንባ በኋላ የመጣ ነው።

አሁን ወደ መተማ እንውረድ። ከጎንደር ተነሥተው በአዘዞና በጭልጋ አይከል በኩል ቁልቁል ሲወርዱ ደጋው እየራቀ ሙቀቱ ፊትዎን ይመታዎታል። ገንዳ ውሃ የምዕራብ ጎንደር ዞን ከተማ ናት። ከዚያ ወዲያ መተማ ዮሐንስ አለች፤ ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁባት፣ ስማቸውንም የያዘች የጠረፍ ከተማ። ከማዶ የሱዳኗ ጋላባት ትታያለች። ሁለቱን አንድ አነስተኛ ወንዝ ይለያቸዋል፤ ዘመድ፣ ገበያና ጋብቻ ግን ወንዙን ሲሻገሩ ኖረዋል። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከተነሣ ወዲህም ብዙ ሺህ ሰው በዚህች በር ሸሽቶ ገብቷል፤ ከእነዚህ ውስጥ በሱዳን ለዓመታት ኖረው፣ አግብተውና ወልደው የተመለሱ ኢትዮጵያውያት ነበሩ።

የቆላው ሀብት ሰሊጥና ጥጥ ነው። ሰሊጡ በክረምት ይዘራል፤ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ይታጨዳል፤ ነዶው ቆሞ ከደረቀ በኋላ ይራገፋል። በዚያ ወቅት ከደጋው ብዙ የቀን ሠራተኛ ይጎርፋል። ወንዱ ያጭዳል፤ ሴቷ ትጋግራለች፣ ወጥ ትሠራለች፣ ሻይ ታፈላለች። አንዳንዷም አጨዳው ሲያልቅ ወደ አገሯ ሳትመለስ ከአንድ ሰው ጋር ጎጆ ወጥታ ትቀራለች።

እንግዲህ እርስዎ በገንዳ ውሃ የዳኞች፣ የዐቃቤያነ ሕግና የጠበቆች ውይይት ሰብሳቢ ሆኑ እንበል። የቀረበልዎ ጉዳይ እንዲህ ያለ ነው። አንዲት ሴት ከአንድ ሰሊጥ አምራች ጋር አምስት ዓመት ኖራለች። ሠርግ የለም፤ የጋብቻ ወረቀት የለም። እርሷ በእርሻው ላይ ለሠራተኛው ስትጋግር፣ ገንዘብ ስትቆጥር፣ ነዶ ስታስጠብቅ ኖራለች። አሁን ተጣሉ፤ ድርሻዬን ብትለው «ሠራተኛዬ ነበረች፤ ደመወዝ ካለባት ልክፈላት» አለ።

ይህ ጥያቄ በጠረጴዛው ላይ እንደወደቀ የሚሆነውን ይመልከቱ። አንዱ ጠበቃ «ጋብቻ ካልተመዘገበ ጋብቻ የለም» ይላል። ሌላው «አምስት ዓመት ከኖረች ሚስት ናት» ብሎ ይቆጣል። ሦስተኛው ያለፈ ዓመት የተሟገተበትን ፋይል ከአንድ እስከ መጨረሻ ይተርካል። ዳኛው ፊቱን አጥቁሮ ዝም ይላል፤ ወይም ይባስ ብሎ የውሳኔ ቃል በሚመስል ድምፅ ይናገርና ሁሉም ብዕሩን ያስቀምጣል።

የሰብሳቢዋ ሥራ እዚህ ላይ ይጀምራል። መጀመሪያ ጥያቄውን ትከፍለዋለች። ሽማግሌ ተልኮ፣ ዘመድ ተሰብስቦ በአካባቢው ባህል የተፈጸመ ሥርዓት ነበር ወይስ አልነበረም? ከነበረ ጉዳዩ የባህል ጋብቻ ነው፤ ሕጉ በክብር መዝገብ ሹም፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸሙ ጋብቻዎችን ሦስቱንም ያውቃልና። ወረቀት ባይኖርም ባልና ሚስት ሆነው ሲኖሩ ዘመድና ጎረቤት ማየቱ በምስክር ይረጋገጣል። ሥርዓት ካልነበረ ደግሞ ጥያቄው «ጋብቻ ሳይፈጸም እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር» ወደሚባለው ይዞራል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ እንዲህ ያለው ኑሮ ከሦስት ዓመት ካላነሰ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት የጋራ ነው ይላል። «በመተማ የሚሠራው የክልሉ ሕግ ነው፤ እርሱስ በዚህ ላይ ቃሉ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅና መጽሐፉ እንዲገለጥ ማድረግም የሰብሳቢዋ ፋንታ ነው። ሕግ አዋቂ ሁሉ አንቀጽን በቃሉ እንደሚያውቅ ያምናል። መጽሐፉ ሲገለጥ ነው ጉዱ የሚወጣው።

ቀጥላ ምስክሩን ታስነሣለች። ከጠረጴዛው ጥግ የተቀመጠችው ወጣት ዐቃቤት ሕግ እስካሁን አልተናገረችም። ሰብሳቢዋ በአሮጌው ችሎት ሥርዓት ከእርሷ ትጀምራለች። ልጅቱም «የሠራተኛና የሚስት ልዩነት በምን ይታያል? ደመወዝ በየወሩ ሲከፈላት ያየ አለ ወይ? ለቅሶ ቤት አብረው ሲሄዱ፣ በዕድር መዝገብ ላይ የማን ቤተሰብ ተብላ ተጻፈች?» ትላለች። እነሆ ለአንድ ሰዓት ያህል አንቀጽ ሲወረወርበት የነበረው ጉዳይ በዕድር መዝገብ ሊፈታ ይችላል። ይህን ነገር ዳኛውም ጠበቃውም ያጡት ዕውቀት ስለጎደላቸው ሳይሆን ማንም ልጅቱን ስላልጠየቃት ነው።

ከዚያ በኋላ ስለ ንብረቱ። መሬቱ የሰውዬው የግል ቢሆን እንኳ በጋብቻ ውስጥ ከግል ንብረት የሚገኘው ገቢ የጋራ መሆኑን የፌዴራሉ ሕግ ይናገራል፤ ስለዚህ ሰሊጡ ለብቻው ይታያል፣ መሬቱ ለብቻው። በአንዱ ስም የተመዘገበ ንብረትም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ እንደሆነ ይገመታል። እነዚህን ሁለት ነጥቦች ማንኛዋም አንባቢያችን በማስታወሻዋ ብትይዛቸው አይከፋም። የጋብቻ ምዝገባ በመላ አገሪቱ ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በየቀበሌው የሚካሄድ መሆኑንም አብራ ትያዝ፤ ከክርክሩ አብዛኛው የሚመጣው ወረቀት ካለመኖሩ ነውና።

ሌላው የሰብሳቢዋ ጭንቀት ምስጢር ነው። በአዲስ አበባ «አንዲት ደንበኛዬ» ቢባል ማንም አያውቃትም። በመተማ ዮሐንስ ግን «ከጉምሩክ አጠገብ እንጀራ የምትሸጠው፣ ሁለት ልጅ ያላት» ከተባለ ስሟን መጥራት ምን ቀረ? ማምሻውን ወሬው ገበያ ይደርሳል፤ በማግስቱ ሰውየው ይሰማና ምስክሮቹን ያግባባል። ጠበቃ የደንበኛውን ምስጢር መጠበቅ ግዴታው ነው፤ ይህ ግዴታ ደግሞ ስብሰባ አዳራሽ ሲገባ ከበር ላይ የሚቀር ካፖርት አይደለም። ስለዚህ ብልህ ሰብሳቢ ውይይቱ ከመጀመሩ በፊት ጉዳዩን ታለብሰዋለች። ሰሊጡን ጥጥ፣ ሁለቱን ልጅ አንድ፣ ከተማውን ሌላ ከተማ ታደርገዋለች፤ ሕጉን የሚነካውን ብቻ ሳትለውጥ ትተዋለች። አንዱ ተናጋሪ ወደ እውነተኛው ሰው ሲያዘነብል «ወደ ጥያቄው እንመለስ» ብላ በትሕትና ታቆመዋለች። የተደፈረች ልጅ ጉዳይ ሲሆን ደግሞ ትሕትናው እንኳ ይቅር፤ ቆፍጠን ብሎ ማቆም ይሻላል።

በክርክር ላይ ያለ ፋይልም እንዲሁ ነው። ያን ፋይል የያዘው ዳኛ በጠረጴዛው ላይ ካለ ጠበቃው «ለትምህርት ያህል» እያለ የራሱን ጉዳይ አስቀድሞ ሊሟገትበት ይችላል። ይህ ብልጠት የተለመደ ነው። ዳኛው አስተያየት ቢሰጥ ሌላው ወገን ያልሰማው ቃል ተሰጠ ማለት ነው፤ ዝም ቢል ደግሞ ውይይቱ አጠገቡ ይካሄዳል። የሰብሳቢዋ መፍትሔ ቀላል ነው። ፋይሉ ተዘግቶ፣ የይግባኝ ጊዜው አልፎ እስኪቀርብ ድረስ ጥያቄው ይቆያል።

በጠረፍ ከተማ ከሌላው ቦታ ይልቅ የሚነሡ ጥያቄዎችም አሉ። በገዳሪፍ በሱዳን ሕግ የተጋባች ኢትዮጵያዊት ስትመለስ ጋብቻዋ ይጸናል ወይ? የፌዴራሉ ሕግ በውጭ አገር በዚያው አገር ሕግ መሠረት የተፈጸመ ጋብቻ የሕዝብን ሞራል እስካልተቃረነ ድረስ በኢትዮጵያም የጸና ነው ይላል። ከሱዳናዊ የወለደችው ልጅስ? በሕገ መንግሥቱ ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ሴትም የውጭ ዜጋ በማግባቷ ዜግነቷን አታጣም። በሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚታይ የቤተሰብ ጉዳይስ? ሁለቱ ባለጉዳዮች ከፈቀዱ ብቻ ነው፤ «ፈቅዳለች» የተባለችው ሴት በእርግጥ ተጠይቃ ነው ወይስ ወንድሟ መልሶላት? እንዲህ ያለው ጥያቄ ሲነሣ ቃዲውም መደበኛው ዳኛም በጠረጴዛው ላይ ቢኖሩ መልካም ነው። ሰብሳቢዋም ሁለቱ ስለ ሃይማኖት እንዳይከራከሩ፣ ስለ ፈቃዱ አወሳሰድ ብቻ እንዲነጋገሩ መሪውን አጥብቃ መያዝ ይኖርባታል።

ውይይቱ ሲያልቅስ? ድምፅ ማሰጠት አያስፈልግም፤ ሕግ በእጅ ማውጣት አይለወጥም። ሰብሳቢዋ የተስማሙበትን፣ ያልተስማሙበትንና ማን ምን ፈልጎ እንደሚመጣ በአንድ ገጽ ጽፋ ለሁሉም ትሰጣለች። በተለይ አንዱ «ሰበር እንዲህ ወስኗል» ካለ የውሳኔውን ቁጥርና ዓመት ካላመጣ በገጹ ላይ አይገባም። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የተሰጠ የፌዴራል ሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ በስማ በለው የተጠቀሰ የሰበር ውሳኔ የሰው ቤት ያፈርሳል። ሰበር ራሱም የቀድሞ ትርጉሙን የሚለውጥበት ጊዜ ስላለ የዓመቱ ነገር እንደ ዋዛ አይታለፍ። ከቋራ ወይም ከምዕራብ አርማጭሆ መምጣት ያልቻሉትም ጥያቄያቸውን በጽሑፍ ቢልኩ ያቺው ገጽ ትደርሳቸዋለች።

አንድ ነገር ይቀራል፤ እርሱም ጊዜው ነው። ፍርድ ቤቶቻችን በነሐሴና በመስከረም በአብዛኛው ለዕረፍት ይዘጋሉ፤ አስቸኳይ ጉዳይ የሚያየው ተረኛ ችሎት ብቻ ነው። ሰሊጡ ደግሞ የሚደርሰው በዚያው በመስከረም መጨረሻ ነው። በነሐሴ የተጣላች ሴት «ጥቅምት ተመለሺ» ተብላ ብትሸኝ፣ ስትመለስ ሰሊጡ ተራግፎ፣ በኩንታል ተሞልቶ፣ ተሽጦ ገንዘቡ የት እንደገባ አይታወቅም። የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆች አጠባበቅ፣ ስለ ቀለብና ስለ ንብረቱ ጊዜያዊ ትእዛዝ መስጠት እንደሚችል ሕጉ ይናገራል። ያልታጨደ ሰሊጥ «አስቸኳይ» መሆን አለመሆኑን ግን በአዲስ አበባ ሆኖ የሚያውቅ ጥቂት ነው። በመተማ ያሉ ዳኞች፣ ጠበቆችና ከፍርድ ቤቱ ደጅ ጥላ ዘርግተው የሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ግን ያውቁታል፤ ከተጠየቁ ይናገሩታል። ስለዚህ በዚያ አገር የሚሰበሰብ የሕግ ሰዎች ውይይት በሐምሌ፣ አረሙ ሳይበረታና ዳኞቹ ለዕረፍት ሳይበተኑ ቢጠራ የተሻለ ነው፤ ከማመልከቻ ጸሐፊዎቹም አንዱ ወይም አንዷ ወንበር ይሰጣቸው፤ ያቺ ሴት ከማንም በፊት የምታማክረው እነርሱን ነውና።